«ከጥላው ሥር»፦ ጂኒው የገባበት ስንጥቅ

ስለ ፊልም በዚህ ዓምድ የምንጽፈው አልፎ አልፎ ነው። አስፈሪ ፊልም ደግሞ ጭራሽ የዚህ ገጽ ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ በ2016 ለተመልካች የቀረበው «ከጥላው ሥር» የተባለው የፋርስ ቋንቋ ፊልም፣ ላዩ የጂኒ ወሬ ይሁን እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ባሏ ለግዳጅ የተጠራባት፣ ትምህርቷን የተቀማች፣ ትኩሳት ከያዛት ልጇ ጋር በሚሳይል ናዳ ሥር ብቻዋን የቀረች እናት ታሪክ ነው። ስለዚህ ከሴቶችና ከቤተሰብ ዓምድ የተሻለ ቦታ የለውም ብለናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ይገንዘቡልን።)

እንደሚታወቀው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት በመስከረም 1980 ተጀምሮ በነሐሴ 1988 አበቃ። በመጨረሻው ዓመት ሁለቱ አገሮች ሠራዊት ከሠራዊት መዋጋቱ አልበቃ ብሏቸው አንዱ የሌላውን ከተማ በሚሳይል ይደበድብ ነበር። ይህም «የከተሞች ጦርነት» ይባላል። ከየካቲት 1988 መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባሉት ሳምንታት ብቻ ኢራቅ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሚሳይሎች በኢራን ከተሞች ላይ የተኮሰች ሲሆን፣ አብዛኞቹ ያረፉት በዋና ከተማይቱ በቴህራን ነው። የመስኮት መስተዋት ተሰባብሮ ሰው እንዳይጎዳ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ ይለጠፍበታል፤ የአደጋው ጥሪ ሲጮኽ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ አቅምና ዘመድ ያለው ከተማይቱን ጥሎ ይወጣል። ፊልሙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ባለታሪኳ ሺዴ የሕክምና ተማሪ ነበረች። በአብዮቱ ጊዜ በግራ ፖለቲካ ተሳትፈሻል ተብላ ከዩኒቨርሲቲው ተባርራለች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ልመለስ ብላ ስትለምን ኃላፊው ከእንግዲህ ትምህርት የሚባል ነገር እንደማታይ ይነግራታል። ይህን ሲላት ከበስተጀርባው በመስኮቱ በኩል ሚሳይል ሲፈነዳ ይታያል። ሁለቱም ጥቂት ዝም ብለው ያዩና ንግግራቸውን ይቀጥላሉ። ከፊልሙ ትዕይንቶች ሁሉ እኛን ያስደነገጠን ይኸኛው ነው። ጂኒ የሚባል ነገር ገና አልተነሣም።

ቤቷ ገብታ የሕክምና መጻሕፍቷን ትጥላለች፤ የሟች እናቷን ስጦታ፣ የእናቷ ጽሕፈት ያለበትን አንዱን ብቻ ታስቀራለች። ባሏ ኢራጅ ሐኪም ነው፤ ግዳጁ ደርሶ ወደ ጦር ግንባር ሲላክ ልጃቸውን ዶርሳን ይዛ ወደ ወላጆቹ ቤት እንድትሄድ ይነግራታል። እምቢ ትላለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሚሳይል ሕንፃውን መትቶ ሳይፈነዳ ይቀራል። ጎረቤቶቿ «ሐኪም አይደለሽም ወይ?» ብለው ይጠሯትና አንድ ሽማግሌ በእጇ ላይ ያልፋሉ። በሳሎኗ ጣሪያ ላይም ስንጥቅ ይቀራል። ስንጥቁን በፕላስተር ትለጥፈዋለች። ቀጥሎ የልጅቱ አሻንጉሊት ይጠፋል። ወላጆቹን በጦርነቱ ያጣና መናገር ያቆመ የጎረቤት ልጅ ስለ ጂኒ ሹክ ብሎኛል፣ ክታብም ሰጥቶኛል ትላለች ዶርሳ። እናቲቱ ክታቡን ትጥለዋለች።

ጂኒ በነፋስ ተጭኖ ይመጣል የሚለው እምነት ፊልም ሠሪው የፈጠረው አይደለም። በደቡብ ኢራን በባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ነፋስ ያዘው የሚባል ሰው በከበሮና በዕጣን የሚታከምበት ልማድ አለ። ሐኪምና ደራሲ የነበረው ጎላም ሆሴን ሳኤዲ በ1966 «አህለ ሀቫ»፣ ማለትም የነፋስ ሰዎች፣ በተባለ መጽሐፍ ይህንኑ ጽፎታል። ከነፋሶቹ አንዱ ዛር ይባላል። ለእኛ አንባቢ ይህ ቃል ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም፤ ተመራማሪዎችም የዛሩን መነሻ ከባሕር ወዲህ በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ይፈልጉታል።

ፊልሙን የጻፈውና ያዘጋጀው ባባክ አንቫሪ ቴህራን ተወልዶ በዚያው ጦርነት ያደገና በኋላ እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው ነው። አባቱ ሐኪም በመሆኑ ለግዳጅ ይጠራ ነበር። አንቫሪ እንዳወሳው፣ እርሱና ወንድሙ በልጅነታቸው ሌሊት እየባነኑ ይጮኹ ስለነበር እናቱ «ፍርሃቴን ያጋባሁባቸው እኔ እሆን?» እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር። ፊልሙ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ቴህራን ሄዶ መሥራት ስላልተቻለ በዮርዳኖስ ከተማ በአማን ተቀረጸ። ወጪው አነስተኛ፣ ተዋናዮቹ ጥቂት፣ ቦታውም ከሞላ ጎደል አንድ መኖሪያ ሕንፃ ነው። ርዝመቱ 84 ደቂቃ ብቻ ነው።

ታዲያ ተመልካች እንዴት ተቀበለው? ሐያሲያን ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ አመሰገኑት፤ እናትና ልጅ ብቻቸውን ከመንፈስ ጋር ከሚታገሉበት «ባባዱክ» ከተባለው የ2014 የአውስትራሊያ ፊልም ጋርም ብዙዎች አመሳሰሉት። ብሪታንያ፣ ቋንቋው ፋርስኛ ሆኖ ሳለ፣ ለአሜሪካው የኦስካር ሽልማት በውጭ ቋንቋ ፊልሞች ዘርፍ አገሯን ወክሎ እንዲቀርብ መረጠችው። በ2017ም የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ የጀማሪ ፊልም ሠሪዎችን ሽልማት ሰጠው።

ተራው የአስፈሪ ፊልም ወዳጅ ግን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ግማሹ እስኪያልፍ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ጂኒው ራሱ የሚበር አንሶላ ነው» ሲል ቅር ተሰኘ። እውነት ነው፤ ጂኒው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ማንም ያልለበሰው ቻዶር፣ የሴቶች መከናነቢያ ጨርቅ፣ ሆኖ ነው። ግን ጨርቁ ለምን ቻዶር ሆነ? አንድ ሌሊት ሺዴ በድንጋጤ ልጇን ታቅፋ ባዶ እግሯን ከቤት ትሮጣለች። የምታገኛቸው ጠባቂዎች ምን ሆነሽ ነው ብለው አይጠይቋትም፤ ፀጉሯን አልሸፈነችምና ይይዟታል። በጅራፍ መገረፍ ይገባሽ ነበር ተብላ፣ ቻዶር አልብሰው ከጂኒው ቤት ይመልሷታል። ይህን ያየ ሰው የወጪ ማነስ ነው ብሎ ጨርቁን አይንቀውም።

ሌላው በተመልካች ዘንድ የተደጋገመው ጥያቄ «ለምን ወደ አማቶቿ አልሄደችም? ግትርነቷ አይደለም ወይ ልጇን ለአደጋ የዳረገው?» የሚለው ነው። በእኛ በኩል ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሚዛኑን የሳተ ይመስለናል። ይህች ሴት መማር ተከልክላለች፤ የምትንቀሳቀሰው መጋረጃዋን ዘግታ፣ በድብቅ በያዘችው ቪዲዮ ማጫወቻ የተዋናይት ጄን ፎንዳን የሰውነት ማጠንከሪያ ካሴት እያየች ነው። የቀራት ነገር ቢኖር የራሷ ቤት ነው። ወደ አማት ቤት መሄድ ያንኑም ማስረከብ ሆነባት። በርግጥ ስህተት አለባት፤ ለልጅቱ ፍርሃት መልሷ «ጂኒ የሚባል የለም፣ ዝም በይ» ብቻ ነው፤ ልጅቱም ዝም ትላለች እንጂ አትረጋጋም። በየቤታችን ያለ መልስ ነው።

ጂኒውም የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። ባሏ ስልክ የደወለ መስሎ በእርሱ ድምፅ እናትነትሽ ምን ይረባል እያለ ይሰድባታል። ልጅቱን ደግሞ ከእናትሽ ይልቅ እኔ እንከባከብሻለሁ እያለ ያባብላታል። ከዩኒቨርሲቲው ኃላፊ፣ ከባሏ ንዝንዝና ከጎረቤት ሐሜት ያልሰማችው አዲስ ነገር የለበትም። ልዩነቱ ሌሊት መምጣቱ ነው። ሺዴን የምትጫወተው ኢራን ተወልዳ ጀርመን ያደገችው ናርጌስ ራሺዲ ስትሆን፣ ስድቡን ስትሰማ ከፍርሃት ይልቅ እፍረት ፊቷ ላይ ይነበባል። ፊልሙን ለልጆች እንዳታሳዩ ግን እናሳስባለን፤ ጠቡ በእናትና በልጅ መካከል ስለሆነ ከጭራቅ ይልቅ ያስፈራቸዋል።

ተመልካች እስካሁን የሚከራከረው በመጨረሻው ላይ ነው። ከሕንፃው ሴቶች መካከል መኪና የምትነዳው ሺዴ ብቻ ነበረች፤ በዚያችው መኪና ልጇን ይዛ ታመልጣለች። ነገር ግን ጂኒ አንድ የሚወዱትን ዕቃ ከያዘ ሰውየው የትም ቢሄድ ይከተለዋል ስትል ጎረቤቷ አስቀድማ ነግራታለች። የአሻንጉሊቷ ራስ እዚያው ቀርቷል። የእናቷ ጽሕፈት ያለበት የሕክምና መጽሐፍም ባዶው ቤት ውስጥ ነው።