የሰው ወርቅ አያደምቅ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማታ ሁለት የክፍላችን ልጆች ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ተከራክረው ሊደባደቡ ሲሉ ገላገልናቸው። ሁለቱም የተጫዋቾቹን ስም ከበረኛው እስከ ተጠባባቂው በቃላቸው ያውቃሉ፤ የእያንዳንዱንም የትውልድ አገር ይዘረዝራሉ። ነገሩ ከበረደ በኋላ «በአገራችን ሊግ በአንድ ዓመት 29 ጎል ያገባው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው አንዱ ዝም አለ፤ ሌላው «እኛም ሊግ አለን እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህች ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተሰጠች መልስ ናት።

ሰውየው አቡበከር ናስር ነው። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና ተሰልፎ 29 ጎል ሲያገባ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በደደቢት ያስመዘገበውን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ይሁን እንጂ ዋንጫው ለቡና አልሆነም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎንደር፣ ወደ ፋሲል ከነማ ሄደ። ፋሲል ሙጂብ ቃሲምን የመሰለ አጥቂ፣ ያሬድ ባየን የመሰለ ተከላካይ ይዞ፣ ከፊት እስከ ኋላ እኩል የሚሠራ ቡድን ነበረ። በእኔ አስተያየት የዚያ ዓመት ድንቅ ተጫዋች አቡበከር፣ ድንቅ ቡድን ደግሞ ፋሲል ነው። የሚያሳዝነው ግን በዚያ ዓመት ውድድሩ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ብቻ ስለ ተካሄደ፣ የጎንደር ሕዝብ ልጆቹን በገዛ ሜዳው ሊያይ አለመቻሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልመለስ። በእኛ በባቲ የሰኞ ገበያ ሁለት ዓይነት ገዢ አለ። አንዱ የምትታለብ ላም ገዝቶ በዚያው ማታ ወተት ይጠጣል። ሌላው ጊደር ገዝቶ ሣር እያጨደ ያሳድጋል። ላሚቱ የነጠፈች ዕለት የመጀመሪያው ገንዘቡን ቋጥሮ እንደገና ወደ ገበያ ይወጣል፤ የሁለተኛው ግን ከበረቱ ጥጃ አይጠፋም። የአገራችን ቡድኖች አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ሰው ይመስሉኛል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ጅማ አባ ጅፋር ነው። በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በዓመቱ በናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ጎሎች ዋንጫውን ወሰደ። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ በማግስቱ ዓመት ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄዶ በዚያም ዋንጫ አነሣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሦስተኛውን ጨመረ። ጅማ ግን በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ደደቢትም በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ ወስዶ በ2011 ዓ.ም. ወርዷል። ስለዚህ በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ የበለጠ ምስጋና የሚገባው አንድ ቡድን ሳይሆን፣ በሦስት ቤት ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሠልጣኝ ይመስለኛል።

አንዳንድ ሰዎች «ያለ ገንዘብ ዋንጫ የት ይገኛል? ንግድ ባንክስ በ2016 ዓ.ም. ባደገ በዓመቱ አላሸነፈምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ዋንጫ ይገዛል። ዳሩ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ያቆየው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የእኔ ነው የሚለው ሕዝብ ነው። ሜዳ መሥራትም ብቻውን አይበቃም። በወሎ ምድር፣ በወልዲያ፣ በ2009 ዓ.ም. የሚያኮራ ስታዲየም ተመረቀ፤ በማግስቱ ዓመት የወልዲያ ቡድን ወረደ። ሕንፃው ቀረ፤ ሊጉ ሄደ።

ይህ ሁሉ ለባቲ ልጅ ምኑ ነው የሚል ቢኖር ስለ አንድ ጓደኛችን ልንገረው። አምና በክፍሎች ውድድር 7 ጎል አግብቶ ክፍላችንን ለፍጻሜ ያደረሰው እርሱ ነበረ። በግራ እግሩ ሲመታ በረኛው ኳሱን የሚያየው ከመረቡ ሲያወጣው ነው። «የትስ ሄጄ ልታይ? ማንስ ያየኛል?» ይል ነበረ። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት ወንበሩ ባዶ ሆነ። በሚሌ በኩል አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ለመግባት መሄዱን ሰማን። እናቱ ሰኞ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ደውሎልሃል ወይ፣ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። ኳስ ብቻ ያስቀረው ነበር አልልም፤ ችግሩ ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው፣ አንድ አሠልጣኝ፣ ከሜዳው ዳር ቆሞ ስሙን ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የሚጠብቀው ነገር ይኖረው ነበር።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ለአንድ የውጭ አገር አጥቂ ከሚያወጡት ጥቂቱን ቀንሰው፣ በየዓመቱ አንድ ሰው ወደ ባቲ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይላኩ። የከተማችን ነጋዴዎች ደግሞ ለታዳጊዎች ኳስና መረብ ቢገዙ አይከስሩም። እኛም ተማሪዎች የአርሴናልን ጨዋታ ለማየት ከምንከፍለው ላይ በወር አንድ ጊዜ ብናዋጣ የሠፈራችን ቡድን ማሊያ ያገኛል።

አርሴናልን አትውደዱ አላልኩም፤ እኔም አያለሁ። ነገር ግን እዚያ ጎል ሲገባ የምንጨፍረው በሰው ሠርግ ነው፤ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅ። የሚመጣው ዓመት የክፍሎች ውድድር ሲጀመር፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከሜዳው ዳር ውጡ፤ ጎል ያገባውንም ልጅ በስሙ ጥሩት። ስሙን የሚያውቅለት ሰው መኖሩን ይስማ።