ሣጥናችሁን ለምስጥ አትተዉት

እኩዮቼ፣ የጉቶ ጊዳና የነቀምቴ ሽማግሌዎች፣ ሳይመሽ ላስጠንቅቃችሁ። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተመራማሪ በራችንን ሲያንኳኳ ግማሹን ነግረን ግማሹን እናስቀራለን። አንዱ የአያቱን ስም ከፍ ያደርጋል፤ ሌላው ጎረቤት እንዳይቀየመው ይዘለዋል። ተመራማሪው የሰማውን ይጽፋል። እኛ ካለፍን በኋላ "ሽማግሌዎች እንዲህ ብለዋል" ተብሎ ሲጠቀስ ማን ያርመዋል?

ፕሮፌሰር ተሰማ ታአ ከጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ጋር ሆነው የወለጋን የጥንት ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባያሳትሙ ኖሮ፣ ስለ ራሳችን አገዛዝ የምናውቀው ምን ያህል ነበር? በ1874 ዓ.ም. ሸዋና ጎጃም በተዋጉበት በእምባቦ ጦርነት ዘመን የነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ ለምኒልክ መግባታቸውን ሁላችንም እናወራለን። ልጃቸው ኩምሳ ግን ግብር እየከፈሉ በአገራቸው ላይ ምን ሥልጣን እንደቀራቸው ከወሬ ይልቅ ወረቀት ይናገራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የ1928 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲተዳደሩ ለመንግሥታት ማኅበር አመለከቱ። ይህን አንዱ ክህደት፣ ሌላው አርቆ ማሰብ ይለዋል። ከአባቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ፣ ቢያሳፍርም ቢያኮራም፣ ሳትቀንሱና ሳትጨምሩ ተናገሩ።

ኃያሏ አሜሪካም ብትሆን ሰነድ በግለሰብ እጅ ከመቅረት ስጋት አላመለጠችም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ከሥልጣን ሲወርዱ ወረቀቱና የተቀዳው ድምፅ የግሌ ነው አሉ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሕግ አውጥቶ ያዘባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ፕሬዚዳንቶች ሰነድ የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ደነገገ። ፕሮፌሰሮቻቸው ስለ መንግሥታቸው ሲከራከሩ የሚመዙት ማስረጃ ከዚያ መዝገብ ነው።

እኛ ጋ ግን መዝገቡ አልጋ ሥር ነው። በቅርቡ አንድ ጎረቤቴ ሣጥኑን ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኝ ከመታጠፊያው ተበጥሷል። ማኅተሙ ወይን ጠጅ እንደሆነ አለ፣ የብሩም ልክ ይነበባል፤ የከፋዩን ስም ምስጥ በልቶታል።

ወረቀቱን አውጥታችሁ ስጡ አልልም፤ የቤተሰብ ቅርስ ነው። ነገር ግን የልጅ ልጃችሁ ስልክ ይዟልና እናንተ ባላችሁበት ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሣው። ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጉት። ተመራማሪውንም አስቀምጡና ያያችሁትን አየሁ፣ የሰማችሁትን ሰማሁ፣ የማታውቁትን አላውቅም በሉት። ይህን ክረምቱ ሳይገባ አድርጉት።