ተራራው ተከለለ፣ በጎቹስ?

ከሐይቅ ወደ አምባሰል ስትሄዱ ከምታዩአቸው ተራሮች አንዳንዶቹ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከከብት ተከልለው ያገገሙ ናቸው። ክለላው ጠቅሟል፣ አልክድም። ግን አያቴ ሰባት በጎች አሏቸው። “ሣሩን አጭዳችሁ ውሰዱ” ይባላል፤ በዚያ ዕድሜያቸው ገደል ላይ ማን ያጭድላቸው? በጎቹ መንገድ ዳር ሲንከራተቱ ማዶ ያለው ሣር ደርቆ ይከርማል። ያልተነካ ሣር ደግሞ እያረጀ አዲሱን ያፍናል፣ ቁጥቋጦም ይወርሰዋል።

መንዝ ውስጥ የጓሳ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። በቄሮ ሥርዓታቸው ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋና በበጋ ይከፈት ነበር፤ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፣ ክረምት ሲቃረብ ይዘጋል። ቀኑን የሚቆርጡት ራሳቸው ነበሩ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ጓሳን ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል።

እኛ ጋ ግን “አይነካም” ብቻ! በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወሎ ውስጥ ያ ሁሉ የተከለለ ደን ለምን የተጨፈጨፈ ይመስላችኋል? ሕዝቡ የኔ ነው አላለውማ።

ፍየል ይግባ አላልኩም፤ ፍየል ችግኝ አይምርም። በግ ግን፣ ያውም በቁጥር ተወስኖ፣ ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ከኅዳር እስከ ጥር ቢገባ ምናለበት? ስንት በግ፣ ለስንት ቀን የሚለውን ደግሞ ባለበጎቹ ተሰብስበው ይወስኑ። አያቴ እስካሁን አንድም ስብሰባ አልተጠሩም።