በረዶው ሳይዘጋጅ ልምምድ አይጀመር

ነሐሴ ሲባል ከኢትዮጵያ ለሄደ ወላጅ ትዝ የሚለው ጭቃ፣ ጉምና ወፍራም ጋቢ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የተወለደው ልጁ ነሐሴን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው። አየሩ እንደ እንፋሎት የሚከብድበት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ሄልሜት ደፍቶ፣ ደረቱንና ትከሻውን በፕላስቲክና በስፖንጅ አሽጎ ለአሜሪካ ፉትቦል ልምምድ የሚሰለፍበት ወር ነው። ወላጅ የፈቃድ ወረቀቱን ፈርሞ ወደ ሥራው ይሮጣል። የሚፈራው ነገር ካለ የጭንቅላት ምት ወይም የጉልበት ስብራት ነው። ሙቀት ልጅ ይገድላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ይገድላል። ሂሳቡም ውስብስብ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ጉልበት ከሦስት አራተኛ የማያንሰው ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሰውነት ይህንን ሙቀት የሚያስወግድበት ዋናው መንገድ ላብ ነው፤ ላብ ግን ስለወጣ ብቻ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በፕላስቲክ ሥር የተዘጋ ላብ ግን መሄጃ የለውም፣ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ተጫዋቹ ውሃውን ያጣል፣ ሙቀቱ ግን አብሮት ይቀራል። በዚያ ላይ የዕቃው ክብደት ራሱ ተጨማሪ ሥራ ነው። ከሁሉም የሚጎዱት ግዙፎቹ የፊት መስመር ተጫዋቾች ናቸው፤ ሰውነታቸው ከሚያመነጨው ሙቀት አንጻር ሙቀቱ የሚወጣበት ቆዳ ያንሳቸዋል።

ዶሃ 2019ን የሚያስታውስ አንባቢ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። የሴቶች ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር፤ የሯጮቹ ልብስ ከቁምጣና ከካናቴራ አያልፍም። እንዲያም ሆኖ ከ68ቱ 28ቱ አቋርጠው ወጡ፣ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። በዓለም ምርጥ የሆኑ ቀጫጭን ሯጮች በሌሊት ያልቻሉትን እርጥበት፣ 130 ኪሎ የሚመዝን የ16 ዓመት ልጅ ሄልሜት ለብሶ በቀን እንዲቋቋመው ይጠበቃል።

ኮሪ ስትሪንገር ልጅ አልነበረም። 27 ዓመቱ ነበር፣ የሚኒሶታ ቫይኪንግስ የመስመር ተጫዋችና በሊጉ ምርጦች ጨዋታ የተሰለፈ ሰው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2001 በማንኬቶ በነበረው የቡድኑ ካምፕ ሙሉ መከላከያ ለብሶ ልምምድ ሠራ። ከልምምዱ በኋላ ወደቀ። አየር ማቀዝቀዣ ወዳለው ተጎታች ቤት ወሰዱት፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል። ሆስፒታል ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት 42.7 ዲግሪ ነበር። በማግስቱ ሌሊት ሞተ። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሊግ ነው፤ በዚያች ሰዓት የጎደለው ግን ገንዳና በረዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ 17 ዓመት ቆጥረን ለሐበሻ ማኅበረሰብ ቅርብ ወደሆነ ቦታ እንምጣ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሱቆች በመኪና የሃያ ደቂቃ ያህል መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2018 የ19 ዓመቱ ጆርዳን ማክኔር ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ተደጋጋሚ የ110 ያርድ ሩጫ ሲሮጥ መንገዳገድ ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያስጠናው ሪፖርት እንዳረጋገጠው ሙቀቱን በአግባቡ የለካው አልነበረም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም አልተነከረም። ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንስቶ 911 እስኪደወል ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። የጉበት ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ሰኔ 13 ቀን አረፈ። ዩኒቨርሲቲው የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን በአደባባይ ተቀበለ፣ በ2021ም ለቤተሰቡ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት በስሙ የተሰየመው የሜሪላንድ ሕግ ወጣ።

እዚህ ላይ የሚያናድደው ነገር መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ የታወቀ መሆኑ ነው። በማሳቹሴትስ ፋልማውዝ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የጎዳና ሩጫ አለ። ሩጫው አጭር ስለሆነ ሰዉ በፍጥነት ይሮጣል፣ ሙቀትም ብዙዎችን ይጥላል። በ18 ዓመታት ውስጥ 274 ሯጮች ለሞት በሚያደርስ የሙቀት ሕመም ወድቀው በመጨረሻው መስመር አጠገብ በተዘጋጁ የበረዶ ውሃ ገንዳዎች ውስጥ ተነከሩ። ስንቱ ሞተ? አንድም ሰው አልሞተም። ሕክምና ውስጥ መቶ በመቶ የሚባል ውጤት ብርቅ ነው፤ ይህ ግን ገንዳ ባዘጋጀ ሁሉ እጅ ያለ ነው።

ምክንያቱ ጊዜ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ40.5 ዲግሪ በላይ ሲቆይ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት መጎዳት ይጀምራሉ። ሙቀቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከወረደ ሰውየው ብዙውን ጊዜ ደህና ይሆናል። በረዶ ውስጥ የተነከረ ሰው በየአምስት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ውሃው በደንብ ከተማሰለ ከዚያም በላይ። በብብትና በአንገት ላይ የሚቀመጥ የበረዶ ከረጢት፣ ጥላ፣ ማራገቢያ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል፣ ሁሉም ከምንም ይሻላሉ፤ ግን ለዚህ ሩጫ አይደርሱም። ስለዚህ የዘርፉ ባለሙያዎች ሕግ «መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ» የሚል ነው። አምቡላንስ ይጠራ፣ ግን ልጁ ሙቀቱ ወደ 39 ዲግሪ እስኪወርድ ከገንዳው አይውጣ። ይህንን ሕግ በመላው አሜሪካ ሲሰብክ የኖረው ዳግላስ ካሳ ነው። እሱም በ1985 በወጣትነቱ 10 ሺህ ሜትር ሲሮጥ በሙቀት ወድቆ በሕይወት የተረፈ ሰው ነው። በ2010 በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በስትሪንገር ስም የተቋቋመውን ተቋም የሚመራውም እሱ ነው።

ለሐበሻ ወላጅ ይህ ሕግ ቀላል አይደለም። «ላብህ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነካ»፣ «በላብህ ብርድ ይመታሃል» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ልጁ ራሱን ስቶ በረዶ ውስጥ ሲነከር ቢያይ የመጀመሪያ ስሜቱ ጎትቶ ማውጣት ነው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት የሚጣላ ሕዝብ ነን። ፀሐይ የመታውን ሰው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ጨምቆ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ማስተኛት ቤታችን የምናውቀው ነው። ይህ ለቀላል ሕመም አይጎዳ ይሆናል። ሙቀቱ 42 ለደረሰ ልጅ ግን ጋቢ መግነዣው ነው። በዚህ ፍርሃት ሐበሻ ብቻውን አይደለም፤ ሐኪሞችም ለዓመታት «ቀዝቃዛ ውሃ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል» ብለው ይከራከሩ ነበር። መለካት ሲጀመር ክርክሩ ወደቀ፣ በረዶው ከሁሉም ፈጠነ።

ሌላው ሰውን የሚያሳስት ነገር ምልክቱ ነው። ቆዳው ደረቅ ካልሆነ ሙቀት አልመታውም የሚል ወሬ አለ። በልምምድ ላይ የሚወድቅ ልጅ ብዙውን ጊዜ በላብ እንደራሰ ነው። መታየት ያለበት አእምሮው ነው። ይቀባጥራል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። በብብት ወይም በግንባር የሚለካ ቴርሞሜትርም እዚህ ላይ ይዋሻል። የሚታመነው በፊንጢጣ የሚለካው ብቻ ነው፤ ነውር መስሎ የሚታያቸው አሠልጣኞችም ወላጆችም አሉ። ነውሩ የቱ ጋ እንደሆነ የሟች ቤተሰብ ይፈርድ።

ገበያው ደግሞ ሌላ ነገር ይሸጣል። የሚቀዘቅዝ ሰደርያ፣ መዳፍ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ፣ ጉም የሚረጭ ማራገቢያ፣ አየር የሚያስገባ ሄልሜት። ሁሉም ውሸት ነው ማለት አይደለም። ከልምምድ በፊት የተፈጨ በረዶ መጠጣት የውስጥ ሙቀትን በጥቂቱ ይቀንሳል፣ በእረፍት ሰዓት የበረዶ ሰደርያ መልበስም ይረዳል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ነጻው ይበልጣል፤ በየእረፍቱ ሄልሜት ማውለቅ፣ የትከሻ መከላከያውን መፍታት፣ ራስና ክንድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ። ፎርሙላ ዋን እንኳ የነቃው ዘግይቶ ነው። በ2023 የኳታር ውድድር እሳት የማይበላው ወፍራም ልብስ የለበሱት አሽከርካሪዎች አንዱ ሄልሜቱ ውስጥ አስመለሰ፣ ሌላው አቋርጦ ወጣ፣ ሌሎች ከመኪናቸው ለመውረድ ተቸገሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ እንደሚያልፍ ሲተነበይ መኪናዎቹ የማቀዝቀዣ ሥርዓት እንዲይዙ የታዘዘው። የማቀዝቀዣ ልብሱን አልለብስም የሚል አሽከርካሪ በምትኩ ክብደት ይጫንበታል፤ ለራሱ ያልተጠነቀቀ ሰው በፍጥነት እንዳይጠቀም ማለት ነው። ብልህ ሕግ ነው።

ለትምህርት ቤቶች የሚሆነው ብልሃት ከዚህ የረከሰ ነው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ማኅበር በ2003 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በሄልሜት ብቻ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት በሄልሜትና በትከሻ መከላከያ፣ ሙሉውን ልብስ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ እንዲሆን የደነገገው ለዚህ ነው። ጆርጂያ ደግሞ በ2012 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ጥብቅ ደንብ አወጣች። ሜዳው ላይ እርጥበትን፣ የፀሐይ ጨረርንና የአየር ሙቀትን አንድ ላይ የሚለካ መሣሪያ ይቀመጣል፤ አሜሪካ ወታደሮቿን ከሙቀት ለመጠበቅ በ1950ዎቹ የጀመረችው መለኪያ ነው። ንባቡ 32.2 ዲግሪ ሲያልፍ ማንኛውንም መከላከያ መልበስ ክልክል ነው፣ 33.3 ሲያልፍ ልምምዱ ይሰረዛል። አሠልጣኙ ቢቆጣም ቁጥሩ አይቆጣም።

ዋናው ችግር የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው። በረዶ ርካሽ ነው። ለከብት ውሃ ማጠጫ የሚሸጥ የፕላስቲክ ገንዳ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል፤ እሱም ከጠፋ ሰፊ ሸራ ዘርግቶ ጫፍና ጫፉን ሰዎች ይዘው በረዶና ውሃ መሙላት ይቻላል። ውዱ ነገር «በቃ፣ ቁም» የሚል ሰው ነው። የተጫዋቾችን ጤና የሚከታተለው ባለሙያ ደመወዙ በአሠልጣኙ ፊት መልካም በመታየቱ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ የተንገዳገደውን ልጅ ከሰልፍ ለማውጣት ሁለቴ ያስባል። ልጁም ራሱ አይናገርም፣ ሰነፍ እንዳይባል። ሜሪላንድ ላይ ማክኔር ከሞተ በኋላ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ዋናው አሠልጣኝ በሥራው እንዲቆይ መከረ፤ ተቃውሞው ሲበረታ ግን በማግስቱ ተባረረ። አንድ ልጅ ሞቶ እንኳ የመጀመሪያው ውሳኔ ምን እንደነበር ልብ ይሏል።

ስለዚህ የፈቃድ ወረቀቱ ሲመጣ ወላጅ ብዕሩን ቢያዘገይ ጥፋት የለበትም። አሠልጣኙን አክብሮ መጠየቅም ድፍረት አይደለም። ገንዳው የት ነው? ልምምዱ ሲጀመር በረዶ ይሞላል ወይስ ልጅ ከወደቀ በኋላ ነው የሚፈለገው? ልምምድ የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ አሠልጣኙን ሳያስፈቅድስ ማስቆም ይችላል? እንግሊዝኛው ያልቀናው እናት ወይም አባት ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም ማድረግ ይችላል፤ እንዲያውም ይህ ይሻላል፣ ልጁ ጥያቄውን በገዛ አፉ ይለዋል። መልሱ «ውሃ እንሰጣቸዋለን» ብቻ ከሆነ፣ ውሃ ጥሩ ነው፣ ግን የተጠየቀው ገንዳው የት እንዳለ ነበር። ገንዳውን እስኪያሳዩ ድረስ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቆይ።