ተራራው የቆላውም ነው

በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ሜዳ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው፣ የግዳን ተራሮች ጉም ተጎናጽፈው አንዱ ከአንዱ በላይ ተደራርበው ባየ ጊዜ፣ የፈጣሪን ጥበብ አድንቆ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ፣ ወጥቶ የመጐብኘት አሳብ እምብዛም አያድርበትም፤ ከዚያ ወዲያ በላስታ ምድር ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከላሊበላ ለሚነሡ እንግዶች ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል። እኔ ግን የራያ ቆላ ሰው የግዳንንና የላስታን ደጋ ሊጐበኘው፣ ጐብኝቶም ሊጠብቀው ይገባል እላለሁ፤ በረከቱም መዓቱም የሚወርደው ከደጋ ነውና።

በዚያ ከፍታ፣ ምድሩ ውርጭ ለብሶ በሚነጋበት ሰዓት፣ ጅብራው ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮም በጓሳው ሣር መካከል ጆሮውን አቁሞ፣ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ አጠገብ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሲያደባ ያየ ሰው፣ ከአገራችን በቀር በዓለም ሁሉ የማይገኘውና ለአካለ መጠን የደረሰው ቍጥሩ ከ500 እንደማያልፍ የሚነገርለት ይህ ፍጡር ምን ያህል ክቡር መሆኑን ያለ ሰባኪ ይረዳል። ጓሳውም በበኩሉ ዝናቡን በሥሩ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጭ ያሳልፈዋል፤ ያለ ልክ ታጭዶ፣ ቁልቁለቱም ታርሶ በተራቆተ ጊዜ ግን ውሃው አፈሩን ገፍፎ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ለዚህ ምስክር ናቸው። በቆቦ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለች ሳለ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ይመጣል፤ ገበሬው በጊዜው ጠልፎ ወደ እርሻው ሲመራው ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣለታል፣ ከልኩ ሲያልፍ ግን ማሳውን፣ ከብቱንና መንገደኛውን ይወስዳል።

እንግዲህ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ውበቱን ሲመኝ አደጋውንም ያስብ። ጉም ገደሉን ከዓይን ይሰውራልና ከአገሩ ሰው መሪ ሳይዝ አይውጣ፤ አየሩ ስስ ነውና የቆላ ልጅ ቀስ እያለ ይውጣ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲበረታበትም ሳይግደረደር ይውረድ፤ ደረቅ በሚመስል ወንዝ ውስጥ ድንኳን አይትከል፤ ውሻም አያስከትል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮውን በመንጋው ይፈጃልና።

ጥበቃ ሲዘገይ ዋጋው እንዴት እንደሚከብድ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ፣ ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻና ግጦሽም እየገፋው ስለ ሄደ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣውም በ2017 ነው፤ ለዚያውም የግጭ መንደር ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ እስከ መዛወር ደርሰው።

እንዲህ ያለው መሥዋዕትነት በእኛ ደጋ በሚኖረው ወገናችን ላይ እንዳይወድቅ፣ በጎርፉና በከርሰ ምድር ውሃው የሚያለማው የቆቦ ሰው ለደጋው ጥበቃ በገንዘቡም በጉልበቱም ድርሻውን ያዋጣ፤ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን አውጥተው ያሳዩ፤ ጐብኚው ለመሪው፣ ለበቅሎውና ለማደሪያው የሚከፍለውም በደገኛው እጅ ይግባ፤ ከተራራው እንጀራ የሚያገኝ ሰው ጓሳውን ለማረስ አይቸኩልምና።