የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ነው? የሚጮኸውን ብቻ አትስሙ

ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚደርሰን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «እቁብ ደርሶኝ ከወንድሜ ጋር ለሥራ የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና ልንገዛ ነበር፤ ቲክቶክ ላይ ያየነው ግን አስፈራን» የሚል። ቪዲዮዎቹን እኛም አይተናል። ቻርጅ ጨርሶ መንገድ ላይ የቆመ መኪና፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ጋራዥ ውስጥ አቧራ የጠጣ፣ «እንዳትገዙ!» እያለ የሚጮህ ባለቤት። ከሥሩ ደግሞ የ«እኔም» ኮመንት መዓት።

ይሄ ታዲያ መኪናው እንደማይረባ ያሳያል? ብቻውን አያሳይም።

ነገሩ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ከቀበሌ 14 ጊዮርጊስ ሲመላለስ ውሎ ማታ በሰላም የገባ ሹፌር «ዛሬም አልተበላሸብኝም» ብሎ ቪዲዮ አይለቅም። የተናደደው ግን ይለቃል፤ ንዴት ያለበት ቪዲዮ ደግሞ ቶሎ ሼር ይደረጋል። ስለዚህ ስልካችን ላይ የምናየው የተበላሸባቸውን እንጂ የገዙትን ሁሉ አይደለም።

ሌላው የቁጥር ጉዳይ ነው። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ባለሥልጣናት በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ከ100 ሺህ ማለፉን ተናግረዋል። መኪናው ሲበዛ ጥራቱ ባይቀንስም ቅሬታው መብዛቱ አይቀርም። እንበልና አንዱ ሞዴል 20 ሺህ ተሸጦ 200 ሰው አማረረ፤ ሌላው 500 ተሸጦ 20 ሰው አማረረ። ጩኸቱ የሚበዛው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ግን ከመቶ 1 ብቻ ነው። ሁለተኛው ከመቶ 4 ነው። «ስንት ሰው አማረረ?» ከማለት በፊት «ስንት ሰው ገዝቷል?» ማለት ያስፈልጋል።

ከዚያ የቅሬታውን ዓይነት እንለይ። «500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብዬ 350 እንኳ አልሞላልኝም» የሚለውን እንውሰድ። ብዙዎቹ መኪኖች ከቻይና ሲመጡ የሚጻፍላቸው ርቀት ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተሰላ ነው፤ ይሄ መለኪያ ከአውሮፓው የበለጠ ቁጥር ይሰጣል። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሲመጣ የአባይ በረሃ አለ። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዳገት ሲወጣ ባትሪው ቶሎ መውረዱ ብልሽት አይደለም።

«ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ መለዋወጫ የለም» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምናየው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው። እዚህ ጋ ጥያቄው መኪናው ቶሎ ይበላሻል ወይ ሳይሆን ማን አስመጣው፣ ሲበላሽ ተጠያቂው ማነው የሚል ነው። ለኪሳችሁ ግን ይሄም ከብልሽት አይተናነስም፤ ዋስትናውን ከሻጩ በጽሑፍ ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ።

ይሄን ስንል ግን «የሚያማርረው ሁሉ ዝም ብሎ ነው» እያልን አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላናችን ወድቆ 157 ሰው አጥተናል። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ማክሶች በየቀኑ እየበረሩ ሁለት አደጋ በቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ኤምካስ የሚባለው ያው ሲስተም አፍንጫውን ወደታች ሲደፍቀው ነበር። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በተለያየ ቦታ፣ ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ዓይነት ችግር ሲናገሩ ጥቂትም ቢሆኑ መስማት ግድ ነው። «እኔም» የሚል ኮመንት ግን ማስረጃ አይሆንም። ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ ምኑ እንደተበላሸ የሚነግራችሁን ፈልጉ።

ዝምታም ሊያታልል ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ከባሕር ዳር ኦንላይን የሚሰማ ቅሬታ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያኔ ከተማው ውስጥ ምንም ዕቃ አልተበላሸም? ስለዚህ «ከባሕር ዳር ያማረረ የለም» ማለት «ባሕር ዳር ላይ ይሠራል» ማለት አይደለም።

ምን ይሻላል ታዲያ? ስልኩን አስቀምጡና ውጡ። ጣና ዳር ተሳፋሪ የሚጠብቁ፣ ምንም ፖስት አድርገው የማያውቁ አሥር ሹፌሮችን ጠይቁ፦ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ? ምን ቀየርክ? መለዋወጫ ስንት ቀን ጠበቅክ? ገንዘቡ በእጅህ ቢሆን ዛሬም ይሄንኑ ትገዛለህ? መኪናውን ሸጦ የተገላገለ ካለም እሱን አትዝለሉት። ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ፤ መካኒክ የሚያየው የተበላሸውን ብቻ ነው።

እናንተም የኤሌክትሪክ መኪና ካላችሁ ሞዴሉንና የሄደውን ኪሎ ሜትር ኮመንት ላይ ጻፉልን። በተለይ ምንም ያልገጠማችሁ፤ እስካሁን ድምፃችሁ አልተሰማም።