ፎቶግራፍ ለሚማሩ ወጣቶች

ፎቶግራፍ የሚማር ወጣት በትምህርት ቤቱ ብቻ ተወስኖ ሊቀር አይገባውም። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ ጀመረችው እንደ አዲስ ፎቶ ፌስት ያለውን ትርኢት መጐብኘት ዓይንን ያሠለጥናል፤ ነገር ግን ትርኢት የሚያሳየው ሌላው ያየውን ነው። የደብረ ታቦር ተማሪ ጥር 25 ቀን በመርቆሬዎስ በዓል ፈረሰኞች ሲጋልቡ፥ ቡሄም ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ከሕዝቡ መካከል ይገኝ (የጅራፉ ድምፅ ግን በፎቶግራፍ አይያዝም)።

ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፥ የልዑል ዓለማየሁ፥ መልክ ዛሬ የሚታወቀው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንን የመሰሉ ባዕዳን ስላነሡት ነው። እርሷም ያነሣችው በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ አባቱ በሞቱበት ዓመት፥ ልጁ ከአገሩ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ካህናት አባቶች ተማሪውን ከዐውደ ምሕረቱ አያርቁት፤ እርሱም ሳያስፈቅድ አያንሣ። ሹማምንትም ከሥራው ቅጂ ተቀብለው፥ የሰውየውን ስም፥ ቦታውንና ቀኑን በጀርባው አስጽፈው በመዝገብ ቤት ያስቀምጡ።